የእትዬ ምንትዋብ አድራሻ

«ትናንት አንዱ ሊፈልግህ መጥቶ ነበር፤ መልሼልሃለሁ» አሉት አክስቱ እትዬ ምንትዋብ፣ ዘርዓብሩክ ገና አንድ ጫማውን ብቻ እንዳወለቀ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የተናገሩት። በሩን ከኋላው ዘጉ፣ ሰንሰለቱን አስገቡ፣ ከዚያ ነገሩን እንደ ስጦታ ያቀርቡለት ጀመር። ሰውየው ወጣት ነው። አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሏል፣ በእጁ ታብሌት ይዟል። ዘርዓብሩክ ወልደሰንበት እዚህ ይኖራል ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ስሙን እየሰባበረ። እሳቸው በሩን በሰንሰለቱ ልክ ብቻ ከፍተው «ኖ» አሉት። ያውቁታል ወይ አላቸው። «ኖ፣ ኔቨር» አሉት። ሰውየው አመስግኖ ፎቅ ወጣና የትርሲትን በር አንኳኳ። ባለፈው ዓመት የትርሲትን እናት ከኤርፖርት ተቀብሎ ያመጣላት ዘርዓብሩክ ነው። እሷም እንዲህ የሚባል ሰው በዚህ ሕንፃ ኖሮ አያውቅም አለችው። «ተነጋግረን እኮ አይደለም» አሉ እትዬ ምንትዋብ ፊታቸው በርቶ። «ማንም ሳይነግራት! ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው።»

ዘርዓብሩክ አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ እንዳለ ቆሞ ቀረ። ሊቆጣ አልቻለም፣ ምክንያቱም ደንቡን ያውቀዋል። እሱም በእሳቸው ቦታ ቢሆን እንደዚያው ነበር የሚለው። በዚያ ሕንፃ ለሚኖረው አበሻ ሁሉ፣ ወረቀት የያዘ እንግዳ በሙሉ ስም ከጠየቀ መልሱ አንድ ነው። ለደግ ነገር የሚመጣ ሰው ከአባት ስም ጋር አይጣራም። እንደዚያ የሚጣራው ፖሊስ ነው፣ ዕዳ ሰብሳቢ ነው፣ አለበለዚያ የፍርድ ቤት መልእክተኛ ነው። ስለዚህ ማንም ማንንም አያውቅም። እንግዳው ከሄደ በኋላ ለተፈለገው ሰው ይደወላል፣ እሱም ያመሰግናል። እትዬ ምንትዋብ ያልደወሉት ከአሪዞና እየነዳ እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ነው። መሪ የያዘ ሰው ስልክ ማንሳት የለበትም ይላሉ፤ በጆሮ ማዳመጫ እንደሚያወራ ስንት ጊዜ ቢነግራቸውም አይቀበሉም።

ሁለተኛውን ጫማ አውልቆ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የሚነዳው ትራክ የጋሼ ሀይለገብርኤል ነው። ጋሼ ሀይለገብርኤል ጋርዴና በሚባለው የከተማው ዳር ሦስት ትራኮች ነበሯቸው፤ ሁለቱን ሸጠው አንዱ ቀርቷቸዋል። እሱንም ሊሸጡት ነው፤ ጉልበታቸው ስላስቸገራቸው ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ ወደ ሌላ ስቴት መሄዳቸው ነው። ብዙ ዘመን የነዳው እሱ ነውና ቅድሚያ ሰጡት። ገንዘብ የለውም። ያለው ጥሩ የመንጃ ሪኮርድና ጥሩ ክሬዲት ነው። ትራኩን የሚገዛበት ሎን ጠየቀ፣ ሁሉ ነገር አለፈ፣ አድራሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። የእሱ አድራሻ የአበሻ ሱቆች በበዙበት በፌርፋክስ መንገድ፣ ፍራኦል ሱቅ ውስጥ ያለ የፖስታ ሳጥን ነው። ፍራኦል መንገድ ላይ ለሚኖሩ ሾፌሮች ደብዳቤ ይቀበላል፣ የፖስታውን ፊት በስልክ ፎቶ አንስቶ ይልካል፣ አስቸኳይ ከሆነ ሾፌሩ ወዳለበት ከተማ ያሻግረዋል። ዘርዓብሩክ ቫን ናይስ ሰፈር ተከራይቷት የነበረችውን ክፍል የለቀቀው በወር ለጥቂት ሌሊት ብቻ ስለሚያድርባት ነው። ለማያድርበት ክፍል በየወሩ ስምንት መቶ ሃምሳ መክፈል አንገበገበው። ከዚያ ወዲህ ከትራኩ መቀመጫ ጀርባ ባለችው አልጋ ነው የሚኖረው። አበዳሪው ድርጅት ግን ገንዘቡን ለሰው እንጂ ለሳጥን አያበድርም። የምትተኛበትን ቤት ንገረን አሉት። እሱም ብዙ ሳያስብ የአክስቱን ቤት ጻፈ።

«ሰውየው ከባንክ ነው እትዬ» አላቸው። «ለእኔ ብሎ ነው የመጣው።»

«ታዲያ እኔ ቤት ምን ይሠራል?»

«አድራሻዎን ሰጥቼ ነው።»

«ለደብዳቤ ነው ያልከኝ።»

«ለደብዳቤም ነው።» ጉልበቱን አሸ። «እዚህ እኖራለሁ ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለት ዓመት።»

እትዬ ምንትዋብ የሶፋውን ልብስ ጠርዝ ስበው አስተካከሉ። ተስተካክሎ የነበረ ልብስ ነው። የአባቱ ታናሽ እህት ናቸው፤ በዚህ ከተማ ከእሳቸው ሌላ ዘመድ የለውም። «ሁለት ዓመት» አሉ። «በሁለት ዓመት ስንት ሌሊት አደርክ እዚህ ቤት?»

ያወለቃቸውን ጫማዎች አጋጥሞ አስቀመጠ።

«ጋርዴና ከዚህ ሩቅ ነው? ለሥራ ስትመጣ እዚያ የትራክ ግቢ ውስጥ ቆመህ እንደምታድር አላውቅም መሰለህ? ኑሮ ከበደው ብዬ ዝም አልኩ። አይ፣ ሰው አይፈልግም ብዬ ዝም አልኩ። የቤቴን ቁጥር ወስደህ አልጋዬን ተውከው!»

አልጋው ከኮሪደሩ መጨረሻ ባለችው ክፍል ነው ያለው። በፊት ዌስትውድ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ኑኃሚን የምትባል ልጅ ተከራይታው ነበር። ተመርቃ ከወጣች በኋላ እትዬ ምንትዋብ ሌላ ተከራይ አላስገቡም። መጀመሪያ ላይ «ክፍሉ ባዶ ነው» ብለው ለዘርዓብሩክ ሁለት ጊዜ ነገሩት። ሁለት ጊዜም «እሺ እትዬ» ብሎ ሄዶ ትራኩ ውስጥ ተኛ። ክፉ ነገር አስቦ አይደለም። ትራኩ ውስጥ ሲነቃ ማንንም መቀስቀስ አይፈራም፣ ሲያንኮራፋ ማንም አያኮርፈውም፣ ሳይበላ ቢተኛ ማንም አያዝንም። ያንን ለምዶታል። አሁን ሊያስረዳቸው ቢሞክር ግን የሚወጣው ቃል ሁሉ ስድብ እንደሚሆን ስለገባው «ደርሼ ልምጣ» ብሎ ጫማውን መልሶ አጠለቀ።

ፌርፋክስ ገና እየነቃ ነበር። ምግብ ቤቶቹ ወንበር እያወጡ ነው። አንድ ሰው የእግረኛ መንገዱን በጎማ ውኃ ያጥባል፤ ቀኑ ሞቃት ስለሆነ ውኃው ወዲያው ይደርቃል። ፓርኪንግ ሜትር አጠገብ ሁለት የታክሲ ሰዎች ስለ ኢንሹራንስ እየተሟገቱ ቡና በወረቀት ኩባያ ይጠጣሉ። የፍራኦል ሱቅ ጠባብ ናት። በግራ ግድግዳ ትናንሽ የብረት ሳጥኖች፣ በቀኝ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ የሚላኩ ካርቶኖች ተደርድረዋል። ፍራኦል ካርቶን ላይ ፕላስተር እየለጠፈ ነበር።

«አቤት ሳጥን ሠላሳ ዘጠኝ!» አለው ቀና ሳይል። «ስላንተ ደውለውልኝ ነበር እኮ። ሰው የሚኖርበት ቤት ነው ወይስ ቢዝነስ አሉኝ። ሰው የሚኖርበት ቢሆን ኪራዩን እጨምርበት ነበር አልኳቸው።»

«ሳቁ?»

«እነሱ? አይስቁም። ኮምፒዩተራቸው ላይ የሚጫኑት ‹ሳቁ› የሚል ባተን የለም።» ፕላስተሩን በጥርሱ በጠሰ። «ሶ፣ አሁን የት ነኝ አልካቸው?»

ዘርዓብሩክ የሆነውን ነገረው። ፍራኦል እጁን ካርቶኑ ላይ ጭኖ ከልቡ ሳቀ። «እትዬ ምንትዋብን? ሠላሳ ዓመት ፓርኪንግ ጋራዥ ገንዘብ ተቀባይ የነበሩትን? ቲኬት ጠፋብኝ የሚለውን ዶክተር፣ ሎየር፣ ሁሉንም ሲመልሱ የኖሩ ሴትዮ ናቸው። ያንን ልጅ ያሳልፋሉ ብለህ ነበር የጠበቅከው? ቀድመህ አትነግራቸውም ነበር?»

«ምን ብዬ?»

ፍራኦል መሳቁን ተወ። «እሱስ ልክ ነህ» አለ።

ከሱቁ ውጭ ጥላ ሥር ቆሞ ለአበዳሪው ደወለ። ብዙ ሙዚቃ ካሰሙት በኋላ ፋይሉን የያዘው ሰው ተገኘ። ወደ አድራሻው የተላከው ሰው «እዚህ አይታወቅም» ብሎ ሪፖርት አድርጓል፣ ሁለተኛ ጎረቤትም አረጋግጣለች፣ ፋይሉ ዛሬ ይዘጋል አለው። ዘርዓብሩክ የቤቱ ባለቤት አሮጊት ናቸው፣ እንግዳ ይፈራሉ ብሎ አስረዳ። ሰውየው መላ አገኘ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሱፐርቫይዘር በቤቱ ባለቤት ስልክ ትደውላለች። ንግግሩ ሪኮርድ ይደረጋል። የቤቱ ባለቤት ሰውየው ከእኔ ጋር ሁለት ዓመት ኖሯል ካሉ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፣ ሎኑ ዛሬውኑ ይጸድቃል። ዘርዓብሩክ አመስግኖ ስልኩን ዘጋ። ደስ ሊለው ሲገባ ደስ አላለውም። ወዲያው ደግሞ ጋሼ ሀይለገብርኤል ደወሉ። «ዘርዓ፣ ትራኩን እገዛለሁ ያለው የፎንታናው ሰውዬ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ግቢው ድረስ መጥቷል። ላንተ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። ግን ዛሬ ማታ ይለይለት ልጄ። ከዚህ በላይ ባቆየው ይሄድብኛል።» ዘርዓብሩክ «ዛሬ ይለይለታል ጋሼ» አላቸው።

ባዶ እጁን መመለስ አልሆነለትም። ከጥጉ መደብር ዳቦና ሙዝ ገዛ። ዳቦው በቅርቡ አራት ዶላር ነበር፣ አሁን ስድስት ሆኗል። ባለመደብሩ «ምን ታደርገዋለህ» አለው፣ እሱም «ምን ይደረጋል» አለው፣ ሁለቱም በዚህ ተስማምተው ተለያዩ።

ቤት ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ምስር ወጥና ጎመን ቀርቧል። ሳህኑ አንድ ነው። ዓርብ ስለሆነ እትዬ ምንትዋብ ከሰዓት በኋላ እስኪደርስ ምንም አይቀምሱም። ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ሲበላ ያዩታል። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ አንድም ነገር ያለ ቦታው የተቀመጠ የለም። ምሥራቅ በሚያየው ግድግዳ ላይ የማርያምና የሚካኤል ሥዕሎች፣ ከሥራቸው የቤተ ክርስቲያኑ ቀን መቁጠሪያ፣ ከጎናቸው የሟቹ ባለቤታቸው ፎቶ ተሰቅሏል። ቴሌቪዥኑ ከሥዕሎቹ ርቆ በሌላው ግድግዳ ነው ያለው። ዘርዓብሩክ ጉርሻ አንስቶ መልሶ አስቀመጠ።

«እትዬ፣ ከሰዓት በኋላ ይደውላሉ።»

«እነማን?»

«ሎኑን የሚሰጡት። እርስዎን ነው የሚፈልጉት። ይኖራል ብቻ ቢሏቸው ያልቃል።»

«ከሁለት ዓመት ጀምሮ?»

«ከሁለት ዓመት ጀምሮ።»

«ሪኮርድ ያደርጉታል?»

«ያደርጉታል።»

ጭልፋውን አንስተው ያልጨረሰው ላይ ምስር ጨመሩለት። ፎቅ ላይ ትርሲት ወንበር ስትጎትት ተሰማ። መንገድ ላይ አንድ መኪና ፓርክ ለማድረግ ሲመላለስ፣ ሌላው ክላክስ ሲያደርግበት ተሰማ። ዘርዓብሩክ በልቶ ጨረሰ፣ ሳህኑን ሊያነሣ ሲል «ተወው» አሉት፣ ተወው። ትራኩን እያሰበ ነበር። የራሱ ቢሆን በዓመት ምን ያህል እንደሚተርፈው ብዙ ጊዜ አስልቷል። አሁን ግን የታየው ገንዘቡ አልነበረም። የታየው ሌላ ሰው በትራኩ በር ወጥቶ የእሱን አልጋ መጋረጃ ሲስብ ነበር።

«ጠዋት እኮ ዋሽቼልሃለሁ» አሉ እትዬ ምንትዋብ ድንገት። «ትናንት ማለቴ ነው። ዛሬም ሌላ ትጠይቀኛለህ።»

«ትናንት ያሉት እውነት ነው እትዬ። አይኖርም አሉ፣ አልኖርም።»

«አላውቀውም ብያለሁ እንጂ!»

«እሷ ግማሽ ውሸት ነች።»

ሳይወዱ በግድ ሳቁ፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። በዚያው ዕለት የሳቁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስልኩ ያኔ ጠራ።

ጠረጴዛው ላይ ነበር ያለው። ሁለቱም አዩት። እትዬ ምንትዋብ እጃቸውን በፎጣ ጠረጉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ስልኩን አንስተው ብድግ አሉ። ቆመው ወደ ግድግዳው ተመለከቱ። ከዚያ ስልኩ እየጠራ የበረንዳውን መስታወት በር ገፍተው ወጡ፣ በሩንም ከኋላቸው መልሰው ዘጉት። ዘርዓብሩክ መጀመሪያ ላይ ስልኩ ቤት ውስጥ አልሰማ ብሏቸው መሰለው። ቀጥሎ ገባው። ቤት ውስጥ ያነሡት ስልክ ሁሉ ይሰማል፤ ሁልጊዜም እዚያው ሶፋ ላይ ሆነው ነው የሚያወሩት። የወጡት ሊዋሹለት ነው። ከሥዕሎቹ ፊት ስለማይሆንላቸው ውሸቱን በረንዳ ላይ ሊያደርጉት ነው።

በመስታወቱ በኩል ጀርባቸውን አየ። በረንዳው ትንሽ ነው፤ አንድ የልብስ ማስጫና ሁለት የጥብስ ቅጠል ጣሳ ሞልተውታል። በማስጫውና በጣሳዎቹ መሀል ተጣብቀው፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ተነሥቶ በሩን ገፋ። «የስ፣ ማይ ሃውስ» ይላሉ። «የስ፣ ምንትዋብ።» ሴትዮዋ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ስፒከሩ ክፍት ስላልሆነ ጥያቄው አልተሰማውም፣ ግን ምን እንደሆነ ያውቃል። እትዬ ምንትዋብ አፋቸውን ከፈቱ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣም። እጁን ዘረጋላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እጁን አላጠፈም። ስልኩን ከጣቶቻቸው መሀል በቀስታ ወሰደው፣ ከሕፃን እጅ ዕቃ እንደሚወሰድ።

ዘርዓብሩክ እንደሆነ ነገራት። የሚኖረው ትራኩ ውስጥ እንደሆነ ነገራት። ይህ የአክስቱ ቤት እንደሆነ፣ ደብዳቤ እንደሚቀበልበት፣ አንድም ሌሊት አድሮበት እንደማያውቅ ነገራት። የኪቦርድ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ማመልከቻው እዚህ ላይ እንደሚቆም አስረዳችው። በአንድ ቤት ሦስት ወር ከኖረና በስሙ የሚመጣ የመብራት ወይም የስልክ ቢል ካሳየ እንደ አዲስ ማመልከት ይችላል። ስለ ግልጽነቱ አመሰገነችው። እትዬ ምንትዋብ ዋሽተው ቢሆን ኖሮም በዚያው ድምፅ ታመሰግናቸው ነበር።

«ምን አደረግህ አንተ!» አሉ እትዬ ምንትዋብ። «ልል ነበር እኮ! አፌ ላይ ደርሶ ነበር!»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ለእኔ ብለው ከቤትዎ መውጣት የለብዎትም እትዬ።»

ከማስጫው ላይ አንድ የደረቀ ፎጣ አነሡ፣ አጠፉ፣ አጥፈው መልሰው ሰቀሉት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡ።

በረንዳው ላይ እንደቆመ ለጋሼ ሀይለገብርኤል ደወለ። ሽማግሌው «እኔ እኮ ላንተ ነበር» አሉ፣ ከዚያም ደግመው «ላንተ ነበር» አሉ። የፎንታናው ሰውዬ ሾፌር ይፈልግ እንደሆነ ዘርዓብሩክ ጠየቀ። የወንድሙን ልጅ ይዞ ነው የመጣው አሉት፤ ልጁ አሁን ትራኩ ላይ ወጥቶ መሪውን እየነካካ ነው። ለሌሎች የሥራ ሰዎች እንደሚደውሉለት፣ ሾፌር እንደ እሱ እንደማይገኝ፣ ሥራ ሳይዝ ከዚህ ከተማ እንደማይሄዱ ነገሩት። «ግን ዕቃህን ነገ ጠዋት ብታወጣ ጥሩ ነው» አሉ መጨረሻ ላይ። «ሰውየው ነገ ይነዳዋል።» ዘርዓብሩክ እሺ አለ። ዕቃው ምን ያህል እንደሆነ አሰበ። ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ፍራሽ፣ ትንሽ ማቀዝቀዣ፣ አንድ ጥንድ የቤተ ክርስቲያን ጫማ። በፍራኦል ቫን አንድ ጊዜ የሚያልቅ ነው።

ወደ ውስጥ ሲገባ ሳሎኑ ውስጥ ማንም የለም። ከኮሪደሩ መጨረሻ ካርቶን የመጎተት ድምፅ ሰማ። እትዬ ምንትዋብ በኑኃሚን ክፍል አልጋው ላይ የተከመረውን እያወረዱ ነበር፤ የክረምት ብርድ ልብስ፣ የሰው አደራ ሻንጣ፣ ተበላሽቶ የማይጣል የስፌት መኪና። ሳይዞሩ «ያንን ያዝ» አሉት። ያዘ። «ወደ ጓዳ።» ወሰደ። ተመልሶ ሲመጣ ሌላ አቀበሉት። ሦስት ወር ስለተባለው አልነገራቸውም፤ እሱ በስልኩ ሲደግመው ከጎኑ ቆመው ሰምተውታል። ስለ ኪራይ ሊያነሣ ሲል «እሱን ሥራ ስትይዝ» ብለው ዘጉት። አልጋው ባዶ ሆነ። ፍራሹ ላይ የነበረውን ፕላስቲክ ልጠው አወጡ፣ በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረጉት። መስኮቱን ከፈቱ። አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ተነሣ፣ ሁለቱም አስነጠሱ።

«ሳይነጋ ተነሥተህ ኮሽታ ብታሰማ እኔ አልነቃም» አሉ። «ማንኮራፋትህንም ትርሲት ነግራኛለች፣ ኤርፖርት እናቷን ስትጠብቁ መኪናው ውስጥ ተኝተህ ሰምታሃለች። ጆሮዬ ደክሟል። አትጨነቅ።»

«እሺ።»

ከቀሚሳቸው ኪስ የቁልፍ ቀለበታቸውን አወጡ። የቤቱን ቁልፍ በጥፍራቸው ፈልቅቀው ለማውጣት ታገሉ። አልረዳቸውም፣ እንዲረዳቸውም አልጠየቁም። ሲወጣላቸው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። ለሁለት ዓመት የቤት ቁልፍ ይዞ አያውቅም። ቀላል ነበር፣ የሳቸው እጅ ስላሞቀው ይሞቅ ነበር።

«ፌርፋክስ ላይ ቁልፍ የሚቀርጸው ሰውዬ ሳይዘጋ ድረስበት» አሉት። ከክፍሉ ወጥቶ ጫማውን ሲያጠልቅ ከኮሪደሩ ተጣሩ። «ዘርዓ!»

«አቤት።»

«ሁለት አስቀርጽ። አንዱን መጣልህ አይቀርም።»